ጣሊያን የተባለው የአስኮ ጫማ

አባቴ ጣሊያን ሄዶ አያውቅም። ሩቅ ሄደ ከተባለ ሞጆ ነው፤ እሱም ቆዳ ሊመርጥ። ግን እኔ ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ እጁ ላይ የማየው ጫማ ሁሉ ከጣሊያን የመጣ ነው። አስኮ፣ ከቤታችን ጓሮ፣ ቆርቆሮ ክዳን ሥር ይሰፋል፤ በማስቲሽ ይለጠፋል፤ ፎርማ ላይ ተወጥሮ ይደርቃል። መጨረሻ ላይ አባቴ ውስጡ ላይ በወርቃማ ቀለም «ሜድ ኢን ኢታሊ» የሚል ማህተም ይመታበትና በካርቶን ታጭቆ መርካቶ ይወርዳል።

ይሄን ስናገር ሰው የአጭበርባሪ ቤተሰብ እንዳይለን ነገሩን ላስረዳ። የመርካቶ ነጋዴ ጫማ ሲረከብ መጀመሪያ የሚያየው ስፌቱን አይደለም፣ ማህተሙን ነው። አባቴ ወጣት ሆኖ ምንም ያልተጻፈበት ጫማ ይዞ ሄደ። ነጋዴው በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ «የየት አገር ነው?» አለው። «የዚሁ» አለ አባቴ። ሰውዬው ጫማውን መልሶ ካርቶኑ ውስጥ አስገባው። አባቴ በሌላ ሳምንት ያንኑ ጫማ ማህተም መትቶበት ተመለሰ፤ ያው ነጋዴ አገላብጦ አየውና «አየህ፣ ጫማ ማለት እንዲህ ነው» አለው። አባቴ ይሄን ታሪክ ባወራው ቁጥር እንባው እስኪመጣ ይስቃል። እኔ ደግሞ በሰማሁት ቁጥር ደሜ ይፈላል።

ቁጡ ሴት ነኝ፣ አልደብቅም። ትምህርቴን ጨርሼ ጥቂት ጊዜ ቢሮ ሠርቼ ነበር፤ ሰው ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ምንም ነገር ሳይሠራ እንዴት እንደሚደክመው ሊገባኝ ስላልቻለ ትቼው መጣሁና የአባቴ የስፌት መኪና ላይ ተቀመጥኩ። እሱ ይቆርጣል፣ እኔ የላዩን ቆዳ እሰፋለሁ፣ እሱ ደግሞ ሶሉን ይለጥፋል። ማህተሙን ግን በእጄ ነክቼው አላውቅም። «እሱን የጣሊያኖቹን ሥራ አንተው ሥራው» እለዋለሁ። እሱም እየሳቀ ይመታል።

የኛ ሰፈር ሰው አገሪቱን ተከፋፍሎ ይዟታል። ፊት ለፊታችን ያለችው ጎረቤታችን ወደ ውጭ የሚላክ ቡና የሚለቀምበት መጋዘን ነው የምትውለው፤ ዓይኗ ለምዶበት እናቴ ምስር ስትለቅም አጠገቧ ከተቀመጠች እየቀማች ራሷ ትለቅመዋለች። ልጇ ሆለታ አበባ እርሻ ውስጥ ጽጌረዳ ያሽጋል። ከበላያችን ያለው ሰውዬ ሰሊጥ ጭኖ ጅቡቲ የሚወርድ ከባድ መኪና ሲነዳ የኖረ ሹፌር ነው፤ አሁን ጡረታ ወጥቶም እንኳን በር ላይ ቆሞ ሲያወራ ሞተሩ እንዳልጠፋለት ሰው ይጮኻል። እሑድ እሑድ እነዚህ ሁሉ እኛ ግቢ ሲሰበሰቡ የሚያወሩት ስለ ወጪ ንግድ ነው፤ ሚኒስትሮቹ እነሱ ናቸው የሚመስለው። ምርጡ ቡና ይሄዳል፣ ምርጡ ሰሊጥ ይሄዳል፣ ቀጥ ያለው ጽጌረዳ ይሄዳል። የጎረቤታችን ልጅ አንገታቸው ጎበጥ ያሉትን አበቦች ለእናቴ ያመጣላታል፤ እሷም በውሃ ጆግ ውስጥ አድርጋ ቴሌቪዥኑ ላይ ታስቀምጣቸዋለች።

ታዲያ በዚያ ሁሉ ጨዋታ መሃል የኛ ጫማ ብቻ ነበር ግራ የሚያጋባው። የሌላው ዕቃ የአገሩን ስም ይዞ ከአገር ይወጣል፤ የኛው ደግሞ ከአገር ሳይወጣ ከውጭ የመጣ ነው። ቆዳው የዚሁ በግ፣ እጁ የዚሁ ሰው፣ እግሩም የዚሁ ሰው። ሹፌሩ ጎረቤታችን «እኔ ስንት ዓመት ሙሉ ወደቡ ድረስ ስመላለስ ጫማችሁን ጉምሩክ ላይ አላገኘሁትም» እያለ አባቴን ይተርበዋል። አባቴ ይህን አይጠላም። የሚጠላው ሌላ ነው። ድሮ በበዓል ማግስት «ቆዳ ያለው» እያለ የሚዞር ሰው በየቤቱ በር ይለምን ነበር፤ አሁን ሰው የእርዱን ቆዳ ቱቦ ዳር ይጥለውና ውሻ ይጎትተዋል። አባቴ ያን ሲያይ የራሱ ቆዳ የተገፈፈ ያህል ያመዋል። አንድ ፋሲካ ላይ ሰው መንገድ ላይ የጣለውን ቆዳ እየሰበሰበ በጨው አሽቶ ግቢውን ሞልቶት እናቴ ቤቱን ለቅቃ እህቷ ጋ አድራለች።

እንግዲህ ታናሽ እህቴ ልታገባ ሆነ።

ታናሽ እህቴ ከኔ በሁሉም ነገር ትለያለች። ትልቅ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ናት፤ ድምፅዋ ዝግ ያለ፣ ጥፍሯ የተስተካከለ፣ ማስቲሽ የሚሸት ነገር አጠገቧ እንዲደርስ የማትፈልግ። ወደ ጓሮው ሥራ ቤት ከገባች ዓመታት አልፈዋል። አባቴ ግን በዚህ አይቀየማትም፤ ነፍሱ ናት። ከሠርጓም የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የሙሽራ ጫማዋን በገዛ እጁ መሥራት። እኔ የራሴን ጋብቻ ማዘጋጃ ቤት ሄጄ በስኒከር ፈርሜ ስለተገላገልኩ ተስፋው በሙሉ እሷ ላይ ነበር የቀረው።

አንድ ቀን እራት ላይ እጁን ታጥቦ ሲቀመጥ ፊቱ በርቶ ነበር። «ሞጆ ነጭ ቆዳ አይቻለሁ» አላት። «እንደ ለጋ ቅቤ ነው። ታኮውን መካከለኛ አድርጌ፣ እንዳይደክምሽ፣ ውስጡንም በስስ ሌጦ ገበር አድርጌ...»

እህቴ ሳህኗን ነበር የምታየው። «አባዬ፣ ጫማው እኮ በጥሎሽ ነው የሚመጣው» አለችው። «የወንድ ወገን ነው የሚያመጣው።»

«ወጉንማ አውቃለሁ። እነሱን አስፈቅዳለሁ።»

«እሱ ብቻ አይደለም» አለች። «የሥራ ጓደኞቼ ይመጣሉ። እኔ የውጭ ጫማ ነው የፈለግኩት።»

አባቴ አየት አደረጋትና ሳቀ። «እኔስ የምሠራው የውጭ አይደል?» አለ። ሁላችንም ሳቅን። ምን ይበላት? ሰው ሁሉ የውጭ ካልሆነ ጫማ አይደለም እንዲል ሲያግዝ የኖረው እሱ ራሱ ነው። ስቆ አለፈው፤ እራቱን ግን አልጨረሰም።

እኔ ማን ሊያስቆመኝ። ማድ ቤት ተከትያት ገብቼ አፌን ከፈትኩት። በአባትሽ ታፍሪያለሽ፣ ይሄ ጸጉር፣ ይሄ ትምህርት፣ ይሄ ሁሉ በምን የተከፈለ ይመስልሻል፣ ያልኳትን ሁሉ ዛሬ ብደግመው አያምርም። ድምጿን እንኳን ሳታነሳ «አንቺ ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብለሽ ጣሊያን የሚል ጫማ እየሰፋሽ፣ እኔ ጣሊያን ስላማረኝ ትቆጪኛለሽ?» አለችኝ። ሳህኖቹን ሰብስቤ ማጠብ ጀመርኩ።

አባቴ ነገሩን ዳግመኛ አላነሳም። ጊዜው ደግሞ የሠርግ ሰሞን ሆነ፤ ጥምቀት አልፎ፣ ድንኳን ተከራይ የማያልቅበት ጊዜ። የመርካቶው ደንበኛችን ነጭ የሙሽራ ጫማ በብዛት አዘዘን። በዚያ ወር አስኮ ጓሯችን ውስጥ ከነጭ ቆዳ በቀር የሚታይ ነገር አልነበረም። አባቴ አንዱን ሲጨርስ ብርሃን ላይ አውጥቶ ያየዋል፣ በመዳፉ አቀፍ ያደርገዋል፣ ከዚያ ማህተሙን ይመታና ካርቶን ውስጥ ያስገባዋል። የማያውቃት የሰው ልጅ ሁሉ በእሱ ጫማ ልትሞሸር፣ የራሱ ልጅ ብቻ አሻፈረኝ አለችው። ያን ጊዜ አንድ ቃል ብናገር እሱን ማሳፈር ስለሚሆንብኝ መኪናዬን ረገጥኩ፣ ሰፋሁ።

ታዲያ ስሰፋ አንዱ ጫማ ላይ ነጩ ክር አለቀብኝ። ሱቅ ብሄድ የለም፤ ሰሞኑን ሁሉም ሰው ነጭ ነው የሚሰፋው። ተረከዙ ላይ የቀረችውን ትንሽ ቦታ በክሬም ክር ዘጋኋት። አባቴ ዓይኑ አያመልጠውም፣ «ይታያል» አለኝ። «ጣሊያኖቹ ናቸው የተሳሳቱት በላቸው» አልኩት። ሲስቅ ምላሱ ላይ ይዟት የነበረችውን ሚስማር ሊውጣት ነበር። ጫማዋም ከሌሎቹ ጋር ወረደች።

የጥሎሹ ቀን ሐሙስ ሆነ፤ ሠርጉ እሑድ። ግቢያችን ውስጥ ድንኳን ተተከለ፤ የኛ ወገን ሽማግሌዎች በአንድ በኩል፣ ከአየር ጤና ሰፈር የመጡት የሙሽራው ወገኖች በሌላ በኩል ተቀመጡ። የኛ ወገን አፈ ጉባኤ ያው ሹፌሩ ጎረቤታችን ነው፤ ድምፅ ስላለው። የእነሱ ደግሞ የሙሽራው አጎት ናቸው። አጎትየው ትልቅ የቆዳና ሌጦ ነጋዴ ናቸው፤ ከክፍለ ሀገር ጥሬ ቆዳ ሰብስበው ለፋብሪካ የሚያስረክቡ። ሰውነታቸው ሞላ ያለ፣ ንግግራቸው የተመዘነ፣ ጫማቸው ፊት የሚያሳይ። ሙሽራው ከጎናቸው ተቀምጦ ላቡን በመሀረብ ይጠርጋል፤ እህቴ እንደ ወጉ ውስጥ ክፍል ናት፣ ጸጉሯን ትሠራለች።

ሻንጣው ተከፈተ። አጎትየው ዕቃውን አንድ በአንድ እያነሱ ለሁላችንም ያሳያሉ፤ የኛ ሽማግሌዎች ፊታቸውን ቋጥር አድርገው ያያሉ። ወጉ እንዲያ ነው፤ ቶሎ ደስ ካለን ሴት ልጃችንን ያረከስናት ይመስላል። ካባው ወጣ፣ የሀበሻ ቀሚሱ ወጣ። ወርቁ ሲወጣ «የዱባይ ነው» ተባለ፤ ሹፌሩ «ከዚህ ሄዶ ተመልሶ ይሆናል እንጂ» ብሎ ሰውን አሳቀ። በመጨረሻ አጎትየው ነጭ ካርቶን አነሱና ክዳኑን ከፈቱ።

«ይሄ ደግሞ» አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «በአውሮፕላን የገባ፣ የጣሊያን ጫማ ነው።»

እልልታው ቀለጠ። ጫማዎቹ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፉ ወደኛ መጡ። አንዷ ከኔ ፊት ስታልፍ ተረከዟን አየሁት። ክሬም ክር።

የገዛ ስፌቴን የማላውቅ ከሆነማ ምን ቀረኝ? የመርካቶው ደንበኛችን በዚያ ሰሞን ያለው ነጭ ጫማ ግማሹ የኛ ስለነበረ ሙሽራው ሱቁ ከገባ ከኛ ማምለጫ አልነበረውም፤ ይሄን ያሰብኩት ግን በኋላ ነው። በዚያች ደቂቃ ያየሁት አባቴን ብቻ ነው። ጫማዋ እጁ ገብታለች። አውራ ጣቱን ተረከዟ ላይ አሳርፎ ቀስ አድርጎ ዳሰሳት። ከዚያ ጋቢውን ወደ አፉ ሳበ፣ አንገቱን ደፋ፣ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ።

ሰው አባቴ ያለቀሰ መስሎታል፤ ወይም የተቆጣ። እኔ ብቻ ነኝ ሳቅ እንደሆነ የማውቀው። እናቴ ከኋላ «አንተ ሰውዬ» እያለች ጋቢውን ጎተተችው። ሙሽራው መሀረቡን እጁ ላይ ጨብጦ ቀጥ አለ።

አጎትየው ሁለት እጃቸውን አጣምረው ቆሙ። «ምነው አባታችን? ቅር ያለዎት ነገር ካለ ይንገሩን እንጂ። እኛ ለማስከፋት አልመጣንም።»

አባቴ አፉን ከከፈተ ለአማቾቹ፣ በሽማግሌ ፊት፣ ያመጣችሁት ጥሎሽ የውሸት ነው ማለቱ ነው፤ ይባስ ብሎ የውሸቱ ባለቤት ራሱ የሙሽራዋ አባት። ስንት ሠርግ ከዚህ ባነሰ ነገር ፈርሷል። ዝም ካለ ደግሞ ልጁ በገዛ እጁ ሥራ ተሞሽራ ትሄዳለች፣ እሷም ሳታውቅ፣ እሱም ሳይናገር። ዝም በል አባዬ፣ አልኩ በሆዴ። ወዲያው ደግሞ፣ ተናገር አባዬ፣ አልኩ።

አባቴ ጋቢውን አስተካክሎ ተነሳ። ዓይኑ በሳቅ እንባ ሞልቷል። «ቅር አላለኝም» አለ። «ይቅርታ አድርጉልኝ። ይሄ ጫማ ጣሊያንን አያውቃትም። የተሠራው እዚህ ነው፣ ከዚህ ድንኳን ጀርባ። የሠራሁት እኔ ነኝ፣ ያቺ ልጄ ናት የሰፋችው። ማህተሙንም የመታሁት እኔ ነኝ። ልጃችን አልዋሸም፤ የሸጠለትም ሰው እኔ የጻፍኩትን ነው ያነበበው። ውሸቱ የእኔ ነው።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «ልጄን በእጄ ሥራ ልሞሽራት ፈልጌ ነበር። እሷ የውጭ አማራት፣ እኔም ተውኩት። አሁን እናንተ ይዛችሁልኝ መጣችሁ። ደስ ብሎኝ ነው የሳቅኩት፤ ሌላ ምንም አይደለም።»

ሙሽራው መሬቱን ያያል። አጎትየው እዚያው እንደቆሙ ከአባቴ ወደ ጫማው፣ ከጫማው ወደ አባቴ ተመለከቱ። ከዚያ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ፣ በግድ ጎንበስ አሉ፣ የቀኝ እግራቸውን ጫማ ፈቱና ወደ አባቴ ዘረጉ።

«እስቲ ይሄንንስ ይዩልኝ» አሉ።

አባቴ ተቀበላቸው። ሶሉን አጠፍ ዘርጋ አደረገው፣ ውስጡን አየ፣ አሸተተው። «ይሄ የእኔ አይደለም» አለ። የአጎትየው ፊት በራ። «እዚሁ ሳንሱሲ ሰፈር ያለው ጓደኛዬ የሠራው ነው። ጫፉን እንዲህ አድርጎ የሚያጥፈው እሱ ብቻ ነው።»

መጀመሪያ የሳቁት ራሳቸው አጎትየው ናቸው። ሆዳቸውን ይዘው፣ ባንድ ካልሲ፣ ወንበሩ እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ከዚያማ ማን ይያዘው። የሁለቱም ወገን ወንድ ሁሉ ጫማውን ማውለቅ ጀመረ። ገበሬ በሬውን ለሐኪም እንደሚያሳይ አንድ በአንድ ተሰልፈው አባቴ ፊት ያቀርባሉ። «ይሄ የእኔ ነው፣ ሶሉ ሊያልቅ ነው፣ ሰኞ አምጣው።» «ይሄም የእኔ ነው፣ ለምን ቀለም አትቀባውም?» «ይሄ ቆዳ አይደለም፣ ፕላስቲክ ነው፣ እሳት አታስጠጋው።» አንደኛው ሚዜ ደረቱን ነፍቶ የሱን ሰጠ፤ አባቴ ብዙ አገላበጠና «ይሄስ እውነተኛ ጣሊያን ነው» አለው። ሚዜው ዙሪያውን በኩራት ቃኘ። «ሳልባጅ ነው እንጂ» ሲል ጨመረ አባቴ፣ «ሰውዬው ግራ እግሩን እየጎተተ ይሄድ ነበር።» ሹፌሩ ጎረቤታችንም ሊያወልቅ ሲል እናቴ ካልሲውን ስለምታውቀው በእግዜር ስም ለምና አስቆመችው።

አጎትየው እንባቸውን ጠርገው ነጩን ጫማ እንደገና አነሱት። አሁን በነጋዴ ዓይን ነው የሚያዩት። «ቆዳውን ከየት ነው የሚያመጡት?» አሉት አባቴን።

«ከሞጆ።»

«ሞጆ ከየትኛው ፋብሪካ?»

አባቴ ነገራቸው። አጎትየው ጉልበታቸውን መቱ። «እሱ ፋብሪካ ቆዳ የሚረከበው ከማን ይመስልዎታል? እንዲያውም ይሄን በግ ሳላውቀው አልቀርም። ቆዳው የእኔ፣ ጫማው የእርስዎ። ልጆቹ ሳይጋቡ እኛ ተጋብተን ኖረናል እኮ።» ተነስተው፣ አንዱ እግራቸው በካልሲ ብቻ እንደሆነ፣ ጫማውን ከፍ አድርገው ለሁለተኛ ጊዜ አወጁ፤ «በአውሮፕላን ያልገባ፣ ከአስኮ በእግሩ የመጣ ጫማ ነው።» የፊተኛው እልልታ ከዚህኛው ጋር ሲተያይ ሹክሹክታ ነበር። እኔ ራሴ እልል ብዬ ድምፄ ሦስት ቀን ተዘጋ።

ይሄ ሁሉ ሲሆን ግን ሙሽራዋ ውስጥ ናት። ጩኸቱን ሰምታለች፣ ነገሩን አልሰማችም። ስገባ ግማሽ ጸጉሯ ተሠርቶ ግማሹ ቆሞ፣ ፊቷ አመድ መስሎ አገኘኋት። «ተጣሉ እንዴ?» አለችኝ። «ጫማ አውልቀው ሲዘረጉ በመስኮት አይቻለሁ።» ልነግራት አፌን ስከፍት አባቴ ከኋላዬ ገባ፣ ጫማዎቹን በሁለት እጁ ይዞ። እኔም አፌን መዝጋት ካለብኝ ጥቂት ጊዜዎች አንዱ ይሄ መሆኑ ገባኝ።

«ይሄ ጫማ የእኔ ነው» አላት። «እነሱም አላወቁም፣ እኔም አላወቅኩም፣ እንዲሁ ነው የተገናኘነው። ውጭ ያለው ሰው ሁሉ አሁን አውቋል። ካልፈለግሽው ሌላ ይገዛልሻል። አልከፋም።»

ድንኳኑ ውስጥ ያን ሁሉ ሰው ሲያስቅ የነበረ ሰውዬ እህቴ ፊት የፈተና ውጤት እንደሚጠብቅ ሰው ቆመ። ያ ሁሉ እልልታ ምንም አይደለም፤ የሚፈልገው የሷን ቃል ነው።

እህቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። እግሯን ዘረጋች። አባቴ ተንበርክኮ አንዱን፣ ከዚያ ሌላውን አደረገላት። ተነስታ እስከ ቁም ሳጥኑ ሄደች፣ ተመለሰች። መስታወት አላየችም፣ ወደ ታች ነው ያየችው። ከዚያ «ትንሽ ያመኛል» አለችው። «እዚህ ጋ፣ ትንሿ ጣቴ ጋ።»

«አውቃለሁ» አለ አባቴ። «ቁጥሩ ልክ ነው። እግርሽ ግን ጎኑ ሰፋ ይላል፣ ከልጅነትሽ ጀምሮ። ለመርካቶ ስሠራው ያንቺን እግር አላሰብኩማ።»

«አስፋልኝ» አለችው።

እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ፤ ማልቀስ ሲመጣብኝ ሰው ሲያየኝ አልወድም። አባቴ ጫማዎቹን ተቀብሎ ወጣ። የሄደው ወደ እንግዶቹ አይደለም፣ በጓሮ በኩል ወደ ሥራ ቤቱ። እህቴም በነጠላ ጫማ፣ ጸጉሯ እንደቆመ፣ ተከተለችው። በቆርቆሮው በር ሳያት ማስቲሹ እየሸተታት አፍንጫዋን እንኳን አልያዘችም። የኔ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። አባቴ ፎርማው ላይ፣ ትንሿ ጣት በምታርፍበት ቦታ፣ ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ለጠፈና ጫማዋን ወጠረባት። በመዶሻው ጀርባ ቀስ፣ ቀስ እያደረገ ሲመታ ትንንሽ ነገር ያወሩ ነበር። ምን እንዳወሩ አልሰማሁም፣ አልጠየቅኩምም። ድንኳኑ ውስጥ ሰው የሙሽራዋ አባት የት ሄደ ሲል እናቴ «ሥራ ላይ ነው» ብላ መለሰች።

ስለ ማህተሙ የሚጠይቀኝ ሰው አለ። ለመርካቶ ዛሬም ይመታል፤ ነጋዴው አሁንም ያለዚያ አይረከብም፣ እኔም አሁንም እቆጣለሁ። ቤት መጥቶ ለሚያዝ ሰው ግን አባቴ ምንም አይመታም፤ የአየር ጤናው አጎት በየበዓሉ እዚህ አስኮ ድረስ መጥተው ያዛሉ፣ የነጋዴ ጓደኞቻቸውንም ያስከትላሉ፣ ለእያንዳንዱም ያንን የበጉን ነገር ያወሩለታል። በቅርቡ ማህተሙ ላይ የራሳችንን ጽሑፍ እናስቀርጽ እያልኩ አባቴን ይዤዋለሁ። «እስቲ እናያለን» ይላል። ከዚህ በፊት እስቲ እንኳን አይልም ነበር።

የሠርጉ ዕለት፣ እሑድ ጠዋት፣ ፎቶ አንሺው በማለዳ መጣ። ዕቃውን አውጥቶ መስኮቱ ጠርዝ ላይ ቬሎውን፣ ሽቶውን፣ ቀለበቱን ደረደረ፤ መሃል ላይ ነጩን ጫማ አቆመና ሁላችንንም ከብርሃኑ ላይ ዞር በሉ አለን። እህቴ ጫማውን ከመስኮቱ አነሳችው። «አባቴን ጥሩልኝ» አለች።

አባቴ አዲስ ሱፉን ለብሶ፣ ከረባቱ እያነቀው መጣ። «ያዘው» አለችው፣ «በሁለት እጅህ።» ያዘው። ፎቶ አንሺው በካሜራው አጮልቆ አየና ትሑት ሆኖ «አባባ፣ እጅዎን ትንሽ ወደ ታች ያድርጉልኝ፣ ጥፍርዎ እንዳይገባ» አለው። እውነቱን ነው፤ አባቴ ያን ጠዋት በሎሚም በሳሙናም ሲፈትገው ቢያረፍድም የማስቲሹ ጥቁረት ከጥፍሩ ሥር አልወጣም ነበር። አባቴ አፍሮ ጣቶቹን ማጠፍ ጀመረ።

እህቴ ጣቶቹን አንድ በአንድ መልሳ ዘረጋቻቸው። «እጁን ነው አንሳልኝ የምልህ» አለችው ፎቶ አንሺውን፣ በዚያ ዝግ ባለ ድምጿ። «ጫማው ባይታይም ግድ የለኝም።»

ፎቶ አንሺው ተንበርክኮ ደጋግሞ አነሳ። አባቴም በቃ እስኪባል ድረስ እጁን አላንቀሳቀሰም።